የዘፈኑን መጨረሻ ሳትሰማ

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የደረሰኝ ደብዳቤ ረጅም ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ ስለለመነኝ በፈረመበት በ«ጠባቂው» እጠራዋለሁ። ደብዳቤውን አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«እትዬ፣ ዕድሜዬ 31 ነው። ማታ ማታ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የምወዳት ልጅ አለች። አገር ቤት የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፤ እዚህም የምንሳለመው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አፍ አውጥቼ ነገርኳት። ‹አንተ እኮ ለእኔ እንደ ወንድሜ ነህ› አለችኝ። አልተጣላንም። መኪናዋ ሲበላሽ የምትደውለው ለእኔ ነው፤ ደለስ ኤርፖርት የማደርሳትም፣ ስትመለስ የምቀበላትም እኔ ነኝ። ወንድሜ ዴንቨር ጥሩ ሥራ አግኝቶልኛል። ሐሳቧን ብትለውጥና ብታጣኝስ እያልኩ እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም። የተከራየሁትን ክፍልም ሆነ ስልክ ቁጥሬን አልቀየርኩም።

«አብሮኝ የሚሠራ የኤልሳልቫዶር ሰው አለ። ዕቃ ስናጥብ ድምፁ እንዲጎላለት ስልኩን የብረት ሳህን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ደጋግሞ የሚከፍታት አንዲት የስፓኒሽ ዘፈን አለች፤ ሁዋን ገብሬል የሚባል ሜክሲኳዊ ነው የሚዘፍናት። ምን እንደምትል ስጠይቀው፣ ‹ምናልባት ረስተሽኝ ይሆናል፤ እኔ ግን አንድ ቀን ልመለስ ብትዪ እንድታገኚኝ ብዬ አልሄድኩም። ያው ቦታ፣ ያው ከተማ፣ ከእነዚያው ሰዎች ጋር አለሁ› ነው የምትለው አለኝ። ወዲያው ትእዛዝ ስለተደራረበ የቀረውን ሳይነግረኝ ቀረ። መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ሁሌ ይጮኻል፣ ከዚያ ይስቃል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እትዬ፣ ዘፈኗ የተዘፈነችው ለእኔ ነው። ከሥራ ስወጣ መኪና ውስጥ እየደጋገምኩ እሰማታለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። በሚቀጥለው ወር ልደቷ ነው። ጓደኛዬ የሚያውቃቸው ማሪያቺ የሚባሉ፣ መሣሪያ እየተጫወቱ የሚዘፍኑ የሜክሲኮ ሙዚቀኞች አሉ፤ በሯ ድረስ ይዣቸው ሄጄ ይህችኑ ባዘፍንላት ልቧ አይራራም? የዴንቨሩን ሥራስ ልተወው?»

ወንድሜ ጠባቂው፣

የማሪያቺው ነገር ቀን የተቆረጠለት ስለሆነ አስቀድሜ ልመልስልህ፤ አታድርገው። ምክንያቱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ከዚያ በፊት ጓደኛህ ትእዛዝ በዝቶበት ያልነገረህን ልንገርህ። ዘፈኗን አውቃታለሁ። ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ በኖርኩባቸው ዓመታት የለመድኳት ያቺ የተሰባበረች ስፓኒሼ ከሳልቫዶር ሴቶችና ከእንዲህ ያሉ ዘፈኖች የመጣች ናት። ርእሷ «ሴ ሜ ኦልቪዶ ኦትራ ቬስ» ይባላል፤ «ደግሞ ረሳሁት» እንደማለት ነው። ሁዋን ገብሬል ራሱ ደርሷት በ1974 እ.ኤ.አ. ማሪያቺ ቫርጋስ ደ ቴካሊትላን ከሚባለው ዝነኛ ቡድን ጋር በሸክላ አስቀረጻት። በኋላም ማና የሚባለው የሮክ ባንድ በ1999 እንደገና ሲጫወታት አዲሱ ትውልድ ተቀበላት፤ ምናልባት ጓደኛህም ያወቃት በዚያ በኩል ይሆናል።

አንተ የሰማኸው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። እዚያ ውስጥ ሰውየው ምን እንደረሳ አንዲት ቃል አይናገርም፤ እጠብቃለሁ፣ አልሄድኩም፣ ስትመለሽ እንግዳ ነገር እንዳይሆንብሽ ሁሉን እንደነበረ አቆይቼዋለሁ ነው የሚለው። የመጨረሻው አንጓ ላይ ሲደርስ ይነቃል። ምናልባት ብዙ እየጠየቅሁ ይሆናል ይላል። ነገራችን አንዴ እንዳከተመ ረስቼው ነበር ይላል። መቼም እንደማትመለሽ፣ ጭራሹንም ወደሽኝ እንደማታውቂ። የወደድኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ደግሞ ረሳሁት፤ ብሎ ያበቃል።

ጓደኛህ የሚጮኸው እዚህ ጋ ነው።

እንግዲህ ያንን ሰው የታማኝ ጠባቂ ምሳሌ አድርገህ ይዘኸው ከሆነ፣ ሰውየው ራሱ አይቀበልህም። ቁርጡን ያውቃል። ችግሩ በየጊዜው እየረሳው ከተማውንና ሰዉን እንደነበረ ማቆየቱ ነው። አንተም ቁርጡን ታውቃለህ፤ ደብዳቤህ ላይ በራስህ እጅ ጽፈኸዋል። በእኛ ሰው ዘንድ «እንደ ወንድሜ ነህ» ማለት ልጅቱ ልታገኘው ከምትችለው እምቢታ ሁሉ ለስላሳው ነው። እናቷና እናትህ አገር ቤት አንድ ቡና ይጠራራሉ፤ እሁድ እሁድ በአንድ በር ትገባላችሁ። ከዚህ የበለጠ አክርራ ብትነግርህ ወሬው ሰፈር ይደርስ ነበር። እሷ አንተን ላለማሳፈር አለሳልሳ የተናገረችውን አንተ ገርበብ ብሎ እንደቀረ በር ቆጠርከው።

ሁለት ዓመት ጠበቅኳት ትላለህ። ጠብቀኝ ያለችበትን ቦታ ደብዳቤህ ውስጥ ፈለግኩ፤ የለም። ስለዚህ ይህንን ሁለት ዓመት በእሷ ስም ዕዳ አድርገህ እንዳትመዘግብ። ነገ ሌላ ሰው ብታገባ «ስንት ዓመት ጠብቄያት» የሚለው ቂም እንዳይመጣብህ ከአሁኑ ነው የምነግርህ፤ ብዙ ጨዋ ወንዶች እዚህ ላይ ሲበላሹ አይቻለሁ።

ስለ ደራሲው ደግሞ ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። እውነተኛ ስሙ አልቤርቶ አጊሌራ ቫላዴስ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ሚቾአካን በምትባል የሜክሲኮ ክፍለ ግዛት፣ ፓራኩዋሮ በምትባል ከተማ፣ ብዙ ልጆች ካሉበት ደሃ ቤተሰብ የመጨረሻ ሆኖ ተወለደ። አባቱ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ። እናቱ ልጆቿን ሰብስባ ከአሜሪካ ድንበር አጠገብ ወዳለችው ወደ ሲውዳድ ሁዋሬስ ተሰደደች። የሰው ቤት እየሠራች ሁሉንም መያዝ ሲያቅታት ትንሹን በአምስት ዓመቱ ገደማ ማሳደጊያ አስገባችው፤ ዓመታትም እዚያው ቆየ። ልጁ እናቱን በዚያ ግቢ ውስጥ ስንት ቀን እንደጠበቃት ገምት። ሙዚቃ እንዲወድ ያደረገው ሁዋን ኮንትሬራስ የተባለ መምህርም እዚያው ያገኘው ሰው ነው፤ በኋላ ለመድረክ ስሙ ሁዋንን ከእሱ ወሰደ፣ ገብሬልን ደግሞ ከአባቱ።

መጠበቅን የሚያውቅ ሰው ነው የጻፋት፤ እኔ ዘፈኗ የምትቆረቁረው ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ይህ ሰው ተቀምጦ ጠብቆ አያውቅም። ገና በልጅነቱ ከማሳደጊያው ወጣ። ሁዋሬስ ውስጥ ኖአ ኖአ በሚባል የምሽት ቤት ዘፈነ። ዕድሉን ፍለጋ ሜክሲኮ ሲቲ ወረደ፤ እዚያም በስርቆት ተከሶ ሌኩምቤሪ በሚባለው እስር ቤት ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረ። ላ ፕሪዬታ ሊንዳ በሚል ስም የምትታወቅ ዘፋኝ ከረዱት ሰዎች አንዷ ሆና ከወጣ በኋላ በ1971 የመጀመሪያው ዝነኛ ዘፈኑ ወጣ። በ2016 ሲሞት እንኳ ጉዞ ላይ ነበር፤ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ኢንግልውድ ውስጥ ለሺዎች በዘፈነ በሁለተኛው ቀን ነው ሳንታ ሞኒካ ላይ ያረፈው። ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ደራሲው ግን ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ላይ ነበር። አንተ የተከተልከው የትኛውን እንደሆነ ወንድምህ ቢጠየቅ ይናገራል።

አሁን ደግሞ የምትሰማበት መንገድ። ይህ ነገር ብዙ ያሳስበኛል፤ ከልጅቱም በላይ።

እነዚህ የሜክሲኮ እንጉርጉሮዎች ለብቻ ሰው የተሠሩ አይደሉም። ቫዮሊኑ፣ ጥሩምባው፣ ቪዌላ የምትባለው ትንሿ ጊታርና ጊታሮን የሚባለው ሆደ ትልቁ ጊታር ሲያጅቧቸው ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ይበዛሉ። የሚዘፈኑት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው፤ ሠርግ ላይ፣ ልጃገረድ 15 ዓመት ሲሞላት በሚደገስላት ድግስ ላይ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ። ሐዘንተኛው ዘፈን ጦፎ ሲመጣ አንዱ ተነስቶ ረጅም ጩኸት ይለቃል፤ ግሪቶ ይሉታል። የተከፋውም ያልተከፋውም የመጨረሻውን ስንኝ አብሮ ይጮኻል። አያት ከልጅ ልጇ ጋር «አልወደድሺኝም» እያለች ስትዘፍን አይቼ በሳቅ ሞቻለሁ። ሲያበቃ ይሳቃል፣ ሳህን ይዞራል፣ ሌላ ይከፈታል። ተከፍቶ የመጣው ሰው ሐዘኑ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ አይቶ ይሄዳል።

የእኛስ ትዝታ ከዚህ በምን ይለያል? አዝማሪ ቤት ትዝታ ሲከፈት ሰው መሃል ነው የምትከፋው። አዝማሪው ፊትህን አይቶ ባንተ ላይ ስንኝ ያስራል፣ ይጎነትልሃል፣ ያስቅሃል፣ ትሸልመዋለህ። ማልቀስህም መሳቅህም ሰው አለበት።

አንተ ግን ይህንን የማኅበር ዘፈን ወስደህ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ለብቻህ ትደጋግመዋለህ፤ ያውም የገባህ ግማሹን ይዘህ። ጓደኛህ ያንኑ ዘፈን ይሰማል፣ ይጮኻል፣ ይስቃል፣ ዕቃውን አጥቦ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። አንተ እንደ ሕግ ይዘኸው ቤትህን አትቀይርም፣ ሥራህን አትቀይርም። ነገ ሥራ ስትገባ የቀረውን እንዲነግርህ ጠይቀው። ከዚያ መጨረሻው ላይ አብረኸው ጩህ። እንባህ ቢመጣም ይምጣ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት አይጠፋም። የመኪናውን ግን አቁም። መኪና ውስጥ የሚሰማ ነገር ካስፈለገህ ለወንድምህ ወይም ለእናትህ ደውል፤ አገር ቤት በዚያ ሰዓት ነግቷል።

ወደ ማሪያቺው ልመለስ። ያሰብከው ነገር በእነሱ ዘንድ ስምና ወግ አለው፤ ሴሬናታ ይባላል። ወጣቱ ሌሊት ዘፋኞች ይዞ የሚወዳት ልጅ መስኮት ሥር ይቆማል። ልጅቱ መብራት ካበራች ወይም ብቅ ካለች ተቀብላዋለች ማለት ነው። ካላበራች ዘፋኞቹ መሣሪያቸውን ሸክፈው ይሄዳሉ፤ ሰውየውም ይሄዳል። ወጉ ለሴቲቱ እምቢ የምትልበት መንገድ ትቶላታል፤ እኔ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። ያንተዋ ልጅ መብራቷን ሳታበራ ከቀረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በልደቷ ቀን፣ እንግዶቿ ባሉበት፣ ጥሩምባ ይዞ መሄድ የጠገበን ሰው ሰው ፊት በጉርሻ ማስጨነቅ ነው፤ ፊቷን ብታዞር ባለጌ ተባለች፣ ብትቀበል ዋሸች። በእኛም ሽማግሌ የሚመላለሰው የወላጅ ልብ እስኪራራ ነው፤ ልጅቱ ራሷ አልፈልግም ካለች ዛሬ የሚሄድልህ ሽማግሌ አታገኝም፣ ማግኘትም የለብህም።

ደግሞስ የትኛውን ዘፈን ነው በሯ ላይ የምታዘፍነው? «ወደሽኝ አታውቂም» ብሎ የሚያልቀውን? አሌክሳንድሪያ ውስጥ ስፓኒሽ የሚሰማ ጎረቤት አይጠፋም። እሷ ባይገባት እንኳ ፎቁ ሙሉ ይገባዋል፤ በማግስቱ ሊፍት ውስጥ የሚያገኛት ሰው ሁሉ «ምን አድርገሽው ነው?» ሊላት ነው።

አሁን ኤርፖርቱ። እሷን አልወቅሳትም። ወንድሜ ነህ ብላሃለች፣ እንደ ወንድም ትደውልልሃለች፤ ያለችውን ነው ያደረገችው። እሺ እያልክ የምትሄደው አንተ ነህ፤ ከደለስ እስከ አሌክሳንድሪያ ባለው መንገድ ላይ የምትልህን እያንዳንዷን ነገር ሌሊት እየመነዘርክ የምታድረውም አንተ ነህ። «ደከመህ አይደል?» ስላለችህ ሦስት ቀን ደስ ብሎህ እንደሰነበትክ ጽፈሃል። ወንድሜ፣ ታክሲ ነጂውንም እንዲህ ትለዋለች።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውል «በዚያ ሰዓት አልመችም፣ ኡበር ብትጠሪ ይሻላል» በላት። ምክንያት አትደርድር፣ ይቅርታም አታብዛ። ሁለተኛ ጊዜ ስትደውልም እንዲሁ። ደፍራ «ምነው፣ ራቅህ?» ካለችህ እውነቱን በአጭሩ ንገራት፤ «ያኔ የነገርኩሽ ነገር ገና አልወጣልኝም፤ እስኪወጣልኝ ትንሽ ልራቅ» ማለት ነውር የለውም። ይህንን ስትነግራት ግን ዓይኗን አትይ፤ ምን ትል ይሆን ብለህ እንዳትነግራት ማለቴ ነው። በስልክ ቢሆን ይሻላል። ቤተ ክርስቲያን ስትገናኙ ሰላምታህን አትንፈጋት፤ ስለ እሷም ለማንም አታማ። እሁድ ሌላ ደብር ብትሳለም እግዚአብሔር አይቀየምህም።

ሆሴ አልፍሬዶ ሂሜኔስ የሚባል፣ ዶሎሬስ ኢዳልጎ በምትባል ከተማ ተወልዶ በ1973 ያረፈ ሌላ ሜክሲኳዊ አለ። ኖታ አያውቅም፣ መሣሪያም አይጫወትም፤ ዜማውን በአፉ እያንጎራጎረ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍለት። «ኬ ቴ ባያ ቦኒቶ» የምትል ዘፈኑ ውስጥ የምትሄደዋን ሴት ይመርቃታል፤ ይቅናሽ፣ መከራሽ ይለቅ፣ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ያጋጥሙሽ፣ እኔም የለሁም ይበሉሽ ይላታል። ጥርሱን ነክሶ ነው የሚመርቃት፤ ሕመሙ ይሰማል። ቢሆንም ሴቲቱን ይለቃታል። ጓደኛህ በእርግጠኝነት ያውቃታል። ሳህኑ ውስጥ የሚገባውን ዘፈን የመምረጥ ተራ ከደረሰህ እሷን በል።

ስለ እንቅልፍህ ቀልድ የለኝም። ሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ሰው ልቡ ብቻ ሳይሆን ሰውነቱም ታሟል፤ ሐኪም ጋ ሂድና «ሐዘን ላይ ነኝ፣ አልተኛም» በል፣ ሴት ነች ያደረገችኝ ማለት አይጠበቅብህም። በሕይወትህ ላይ ክፉ ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቅ፤ አሜሪካ ውስጥ 988 ብትደውል በማንኛውም ሰዓት ሰው ያነሳል።

የዴንቨሩ ነገር ቀርቶናል። መልሴ «ሂድ» ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን አንድ ነገር ፈራሁ። ደብዳቤህ ጫፍ ላይ «ብሄድ ደግሞ ትናፍቀኝ፣ ያኔ ዋጋዬን ታውቅ ይሆናል» ብለሃል። እንደዚህ አስበህ ከሄድክ ዴንቨርም ያው አሌክሳንድሪያ ናት፤ የምትጠብቅበትን ወንበር ነው የቀየርከው። ስልኩን እያየህ እዚያ ከምትቀመጥ እዚህ ከሰዎችህ ጋር ብትቀመጥ እመርጣለሁ። ስለዚህ ስትወስን እሷን ከሂሳቡ አውጣት። ለወንድምህ ዛሬ ደውል፤ ሥራው አሁንም አለ ወይ? ሰዓቱ ቀን ነው ማታ? ደመወዙ ስንት ነው፣ ከእሱ ጋር ስንት ወር መኖር ትችላለህ? እነዚህን በወረቀት ላይ ጻፋቸው። ካዋጣህ ሂድ፤ ካላዋጣህ እዚያው አሌክሳንድሪያ ቅር፣ ግን እዚህ የቀረሁት ኪራዬ ስለተስማማኝና ሥራዬን ስለምወደው ነው ማለት የምትችል ሁን። ሥራው ካመለጠህም ለወንድምህ «ሌላ ፈልግልኝ» በለው፤ መልስ ሳትሰጠው ቆይተህ እስካሁን ያልተቀየመህ ሰው አሁንም አይቀየምህም።

በልደቷ ዕለት የማታ ፈረቃ ውሰድ። «እንኳን ተወለድሽ» ብለህ አንዲት መልእክት ላክላት፤ ልብ የምትባለዋን ምልክት አትጨምርባት።